ከባለሁለት እግር ሞተር ወደ ባለሦስት እግር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ የሚሆንዎትን ለመምረጥ

ሃያ ሁለት ዓመት በባለሁለት እግር ሞተር ሠርቻለሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለነበርኩ የክትባት ሣጥን ከኋላዬ አስሬ በኩታበር፣ በተሁለደሬና በቃሉ ቀበሌዎች ብዙ ዳገት ወጥቻለሁ፣ ብዙ ቁልቁለት ወርጃለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን የግራ ጉልበቴ ከዳኝ። ሞተር እየሄደ ሳለ ከነጂው ጉልበት ብዙም አይፈልግም፤ ጭንቁ የሚመጣው ሲቆም ነው። ጠጠር ላይ ቆሜ ክብደቱን በግራ እግሬ መደገፍ ሲያቅተኝና ሁለት ጊዜ ከነሣጥኑ ስወድቅ፣ ባለሁለት እግሩን መተው እንዳለብኝ ተረዳሁ። ከዚያ በኋላ የገዛሁት የመጀመሪያው ባለሦስት እግር ግን ለእኔ የሚሆን አልነበረም፤ በአራት ወሩ በኪሳራ ሸጥኩት። ይህን የምጽፈው ዕድሜ፣ ሕመም ወይም አደጋ ከባለሁለት እግር ያወረደው የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ነዋሪ የእኔን ስሕተት ሳይደግም እንዲመርጥ ነው።

ባለሦስት እግር ለመግዛት የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ዋጋውን፣ ቀጥሎ የሞተሩን ጉልበት ይጠይቃል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ከባለሁለት እግር ለሚመጣ ሰው ከእነዚህ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ተሽከርካሪው የሚያሠራው የትኛውን የሰውነት ክፍልዎን ነው? ቁልቁለት ላይስ እንዴት ይቆማል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ፣ ሻጭ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ባለሁለት እግሩን ለምን እንደተዉት ለራስዎ በትክክል ይናገሩ። “አረጀሁ” ብሎ ማለፍ አይበቃም። ያስቸገረዎት ግራ እግር ነው ወይስ ቀኝ? የእጅዎ ጣቶች ናቸው ወይስ ወገብዎ? በከተማችን በብዛት በሚታየው ባጃጅ ፍሪሲዮኑም ማርሹም የሚሠሩት በግራ እጅ ነው፤ ነዳጅ በቀኝ እጅ ይሰጣል፤ ፍሬኑ በቀኝ እግር ይረገጣል። ግራ እግር ምንም ሥራ የለውም። ከፊቱ ሞተር ሳይክል፣ ከኋላው የጭነት ሣጥን የሆነው ባለሦስት እግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ማርሹ እንደ ሞተር ሳይክል በግራ እግር የሚቀየር ነው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ይህንኛውን ነበር። ኮርቻውና መሪው ከለመድኩት ሞተር ጋር ስለተመሳሰለብኝ ብቻ ወደድኩት፤ የታመመውን ጉልበቴን በቀን መቶ ጊዜ ማርሽ እንዲቀይር እንደምፈርድበት ግን አላሰብኩም። መመሳሰሉ ነው ያታለለኝ። የሚመረጠው የለመዱትን የሚመስለው ሳይሆን የታመመውን አካል የሚያሳርፈው ነው።

ቀኝ እግሩ የተጎዳ ሰው በተቃራኒው ባጃጅ ሊከብደው ይችላል፤ ፍሬኑ በሙሉ የተጣለው በዚያ እግር ላይ ነውና። እንዲህ ያለ ሰው በእጅ የሚያዝ ፍሬን ያለው ባለሦስት እግር ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ከኤሌክትሪኮቹ መካከል እንዲህ ያሉ ይገኛሉ። ጣቶቹን የሚያመው ሰው ደግሞ ፍሪሲዮን የሌለውን ቢመርጥ መልካም ነው፤ በገበያ ቀን ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ለመድረስ ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ እንደሚያዝ የነዳ ያውቀዋል። ወገቡን የሚያመው ሰው ጎማውን ይመልከት። የባጃጅ ቸርኬ ዲያሜትር 8 ኢንች ብቻ ስለሆነ ትልልቁ ጎማ በላዩ አልፎት የሚሄደውን ጉድጓድ ይህ ገብቶበት ይወጣል፤ ንረቱን የሚቀበለውም ወገብ ነው። ቤትዎ የሚደርሰው መንገድ ኮረኮንች ከሆነ 12 ኢንች ቸርኬ ያላቸው የተሻለ ያሳርፋሉ። ለማንኛውም ከመግዛትዎ በፊት በቆመበት ላይ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቀመጡ፤ ይውጡ፣ ይግቡ፣ ፍሬኑን ደጋግመው ይርገጡ። ጉልበት በአንድ ጊዜ መውጣትና መግባት እውነቱን አይናገርም።

በውጭ አገር ከፊት ሁለት ጎማ ያላቸውና መታጠፊያ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል የሚያዘነብሉ ዓይነቶች አሉ። ፒያጆ ኤምፒ3 የሚባለው በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ያማሃ ኒከን ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ውለዋል። ፒያጆው ሲቆም ማዘንበያውን ቆልፎ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም እግርን ያሳርፋል፤ ያማሃው ግን ቁልፍ ስለሌለው ሲቆም እንደ ማንኛውም ሞተር በእግር መደገፍ አለበት። ዘመድ ከውጭ ልላክልህ ቢልዎት ይህን ልዩነት ይወቁ። ቢሆንም እኔ አልመክርም፤ ጥሩ ነገር መለዋወጫውና የሚያውቀው መካኒክ በሌለበት ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል። ባለሁለት እግሩን ሞተር ብየዳ ቤት ወስዶ ከኋላ ሁለት ጎማ ማስገጠምን ደግሞ ፈጽሞ እቃወማለሁ። የሞተር ሳይክል ሻንሲ የተሠራው ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል እንዲሸከም አይደለም፤ ሞተር ሳይክል ስለሚያዘነብል ኃይሉ ሁልጊዜ የሚወርደው ቀጥ ብሎ ወደ ጎማው ነው። ብየዳው የሚከፈተው ደግሞ ቤት ቆሞ ሳለ ሳይሆን መታጠፊያ ላይ ነው።

ስለዚህ ምርጫው በተግባር በባጃጅ፣ በጭነቱ ባለሦስት እግርና በኤሌክትሪኩ መካከል ነው። ሦስቱም ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ አላቸው፤ ይህ አቀማመጥ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ መረዳት ያስፈልጋል።

ሦስት ጉልቻ መሬቱ የቱንም ያህል ቢጎረብጥ አይወላገድም፤ ሁልጊዜ ሦስቱም መሬት ይነካሉ። ድስቱን ግን ጉልቻው ባለበት አቅጣጫ ሳይሆን በሁለቱ ጉልቻዎች መካከል ባለው ክፍት በኩል ቢገፉት ይገለበጣል። ባለሦስት እግርም እንዲሁ ነው። ከፊተኛው ጎማ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የኋላ ጎማዎች የሚሄዱትን ሁለት መስመሮች በሐሳብዎ ያስምሩ፤ ተሽከርካሪው የሚገለበጠው በእነዚህ መስመሮች ላይ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሆን ሁለቱ መስመሮች ተራርቀው ስለሚገኙ ሰፊ መቆሚያ አለው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ መቆሚያው ይጠባል። እየታጠፉ ፍሬን መርገጥ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፦ ፍሬኑ ክብደቱን ወደ ጠባቡ ጫፍ ይወረውረዋል፣ መታጠፉ ደግሞ ወደ ጎን ይገፋዋል። ባጃጅ ሞተሩም ተሳፋሪውም ከኋላ ስለሆነ በዚህ በኩል ጥሩ አፈጣጠር አለው፤ ጣሪያው ላይ ዕቃ ሲጫንበት ግን ይህ መልካምነቱ ይጠፋል። የጭነቱ ዓይነት ሌላ ችግር አለበት። ጭነቱ ከኋላ ጎማዎቹ አልፎ ወደ ኋላ ከተከመረ ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ ይቀልልና መሪው አልታዘዝ ይላል። የመጀመሪያውን የሸጥኩበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። ከሳላይሽ በላይ ባለች አንዲት ቀጥ ያለች ዳገት ላይ ሁለት ኩንታል በቆሎ ጭኜ ስወጣ መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ጎማው ዞረ፣ ተሽከርካሪው ግን ወደ ፊት ብቻ ቀጠለ። ጭነት ዋና ሥራዎ ካልሆነ በስተቀር ደሴ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህን ዓይነት አልመርጥለትም። ለኮምቦልቻ ሜዳማ ሰፈሮች ግን ነውር የለውም።

አሁን ባለሁለት እግር ነድተው የማያውቁ ሰዎች የማይቸገሩበትን፣ እኛ ግን የምንቸገርበትን ነገር ልንገርዎት። ሞተር ሳይክል በፍጥነት ላይ ሳለ ወደ ግራ ለመታጠፍ የምናደርገው የግራውን እጀታ በትንሹ ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ሞተሩ ወደ ግራ ያዘነብልና ይታጠፋል። ይህን የምናደርገው ሳናውቀው ነው፤ ሰውነታችን ለምዶታል። በባለሦስት እግር ላይ ግን የግራውን እጀታ ወደ ፊት ከገፉት የሚሄዱት ወደ ቀኝ ነው። ባጃጅ በያዝኩበት የመጀመሪያ ሳምንት ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካለው ኮብልስቶን ስወርድ አንዲት ሴት እንስራ ይዛ ከግራ በኩል ብቅ አለች። እጄ በሃያ ሁለት ዓመት ልማዱ ራሱ ሠራ፤ ልሸሻት ፈልጌ ወደ እርሷ ዞርኩ። ቀኝ እጄም ጣቶቹን ዘርግቶ የፊት ፍሬን ፈለገ፤ ባጃጅ ላይ ደግሞ እዚያ ቦታ ፍሬን የለም። ያዳነን በእርምጃ ፍጥነት መውረዴ ብቻ ነው። ይህን ያህል በዝርዝር የምናገረው፣ ብዙ ዓመት የነዳ ሰው “ሁለቱን ከቻልኩ ሦስቱ ምን ያቅተኛል” ስለሚል ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ የነዳ ሰው ከጀማሪው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት።

መንገድ መምረጡም ይለወጣል። ባለሁለት እግር አንድ መስመር ብቻ ይፈልጋል። ባለሦስት እግር ሦስት መስመር አለው፤ እንደ መኪና ጉድጓዱን በሁለቱ ጎማ መካከል ላሳልፈው ካሉ የፊቱ ጎማ ራሱ ይገባበታል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ የነበረው ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል 30 ሲሆን ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ማዘንበል ስለማይችል የሚያስታግሰው ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው ከፍታ የሚፈጸመው ሐረጎ በሚባለው ዳገት ላይ ነው። ከነተሳፋሪው 550 ኪሎ የሚመዝን ባለሦስት እግር ይህን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ 10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ በትንንሾቹ የፍሬን ከበሮዎች ውስጥ ይከማቻል። ከበሮው ሲግል ፍሬኑ እየተረገጠ መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ሊወጡበት በሚችሉት ማርሽ ይውረዱ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መልቀቅ ሕይወትን አሲዞ መበደር ነው። የቆዩትን ባለሁለት ምት ሞተሮች ለዚህ መንገድ የማልመርጣቸው፣ ከባለአራት ምቶቹ ጋር ሲነጻጸሩ በማርሽ የመያዝ አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ነው። ሐረጎ ላይ ከሚሌ በኩል የሚመጡ ተሳቢዎች እንደሚበዙና ብዙ ጊዜ ጉም እንደሚወርድም አይርሱ፤ የኋላ መብራት የማይሠራበትን ባለሦስት እግር እዚያ ማውጣት አይገባም። ለታክሲ ሥራ የሚመዘገቡት በከተማና በቀጠና ስለሚመደቡ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ለመመላለስ የሚያስቡ ከሆነ አስቀድመው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ።

የከፍታው ነገር በሞተሩም ላይ ይመጣል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ 200 ሲሲ የሚጠጋው የባጃጅ ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን አይቀንስም፤ ካንዴላውን ፈትተው ጥቁር ጥላሸት ካገኙበት “ሞተሩ አርጅቷል” ከመባሉ በፊት ካርቡራተሩ ለከፍታው ይስተካከል።

የኤሌክትሪኩ ሞተር በአየሩ መሳሳት አይደክምም፤ ይህ ለደሴ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ የነዳጅ ሰልፍም የለበትም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይመርምሩ። የባትሪውን መጠን በኪሎዋት ሰዓት ይጠይቁ፤ ሻጩ የሚነግርዎት የኪሎ ሜትር ብዛት ለሜዳ መንገድ የታሰበ ነው፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት ግን ከሜዳው ፍጆታ በላይ ለከፍታው ብቻ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ይጨምሩ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው፦ ኤሌክትሪክ ሞተር ሲወርድ ባትሪውን እየሞላ ይይዛል ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚገባበት ቦታ ስለሌለ መያዙ ይቀራል። ደሴ ላይ ሌሊቱን ሞልተው ጠዋት በቀጥታ ወደ ሐረጎ የሚወርዱ ከሆነ የሚተማመኑት በፍሬኑ ብቻ ነው። ሙሉ ሳይሆን ትንሽ አጉድለው ይነሱ።

ያገለገለ ከገዙ መካኒክ ይዘው ይሂዱ፤ የሻጩን ሳይሆን የራስዎን። እኔ ሁለተኛውን ኮምቦልቻ ላይ ሳይ ቀለሙ አዲስ፣ የወንበሩ ልብስ አዲስ፣ ጎማውም የታጠበ ነበር። አብሮኝ የሄደው ወጣት መካኒክ ቀለሙን ዞር ብሎም አላየው። ፊቱን በክሪክ አነሣው፣ ጎማውን በእጁ አሽከረከረው፣ ረጅም ካቻቢቴ አውጥቶ ጫፉን ጎማው መሐል ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ከዚያ “አብሽሩ ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉና ያድምጡ” አለኝ። ሰማሁት፤ የተቆላ ሽንብራ የሚቆረጠም ይመስል ነበር። ኩሽኔታው አልቋል። መሪውን ቀስ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ሲያዞረውም ልክ መሐሉ ላይ ሲደርስ ያዝ ያደርገዋል፤ ይህም የመሪው ኩሽኔታ መጎድጎዱን ያሳያል። በዋጋው ላይ ተነጋግረን ሁለቱንም አስቀየርን፤ አሁንም የምነዳው እርሱን ነው።

እርስዎም ብቻዎን ልታደርጓቸው የምትችሏቸው ፍተሻዎች አሉ። ሲደርሱ ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቆ ከጠበቀዎት ቀዝቃዛ ሲሆን አልነሣ እንደሚል ይጠርጥሩና በማግስቱ ማለዳ ይመለሱ። የፍሬን ፔዳሉን አጥብቀው ረግጠው አንድ ደቂቃ ይያዙት፤ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ፍሬኑ ግፊት አይይዝም። ከኋላ ጎማዎቹ በስተውስጥ የረጠበ ነገር ካለ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። ደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ይርገጡ፤ ወደ አንድ ወገን ከጎተተ ይስተካከል። የእጅ ፍሬኑን ግን ሜዳ ላይ አይፈትኑ። ደሴ ውስጥ ዳገት ፍለጋ ሩቅ አይኬድም፤ ሁለት ሰው አስቀምጠው ዳገት ላይ ያቁሙት፣ ካልያዘ አይግዙ ወይም ሳይጠገን ገንዘብ አይክፈሉ።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይንዎ ያስተያዩ፣ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈበት መሆኑን ይዩ። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድዎ ለባለሦስት እግር አያገለግልም፤ ምድቡ የተለየ ስለሆነ ሥልጠናውን ከግዢው በፊት ይጀምሩ። ሥልጠናው ለመንጃ ፈቃዱ ብቻ አይደለም፤ ያንን የእጅ ልማድ የሚያስረሳዎትም እርሱ ነው።

ከገዙ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰው በማይበዛበት ሜዳ ይለማመዱ። እኔ ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል እየወጣሁ ጠዋት ጠዋት በድንጋይ ምልክት አድርጌ ስታጠፍበት ነበር፦ መጀመሪያ በእርምጃ ፍጥነት፣ ቀጥሎ በሰዓት 15፣ ከዚያ 20። ሁልጊዜ ፍሬኑን ቀጥ ባለው ላይ ይጨርሱና ከዚያ ይታጠፉ። ቀኝ እጅዎ የሌለ ፍሬን መፈለጉን እስኪተው ድረስ ሰው አያሳፍሩ።

ሐረጎን መጀመሪያ ሲያዩት ደግሞ ወደ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ በዳገት የሚገኝ ጉድለት ያቆምዎታል እንጂ አይጥልዎትም። ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጥግ ይዘው ይቁሙና የእጅዎን መዳፍ ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ያስጠጉ። የሦስቱ ሙቀት ተቀራራቢ ከሆነ መልካም ነው። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል፤ ጨርሶ የቀዘቀዘ ካለ ደግሞ ያ ጎማ ቁልቁለቱን ሁሉ ምንም ሳይዝ ነው የወረደው፤ ሳያሠሩ አይመለሱ።